ለዳዊ የተገዛው ሰሐን

ሰሐኑን የገዛችው ሌሊሴ ናት፤ ሰማያዊ፣ ዓሣ የተሳለበት። የሥነ ምግብ ተማሪ ስትሆኚ ሁሉን ነገር ማወቅም አብሮ የሚሰጥሽ ይመስልሻል። መምህሯ አቶ ይገዙ «የሕፃኑ ምግብ ለብቻው ቀርቦ ይመዘን። ዛሬ ትክክለኛ ልኬት ካመጣችሁ፣ ሚያዝያ ላይ ወደ ኔፓል የምትሄጂው አንቺ ነሽ» ብለዋታል። በተማሪዎች ልውውጥ ከኔፓል የመጣችው ሱኒታ እዚህ ከእሷ ጋር ትሠራለች፤ በተራዋ ደግሞ ሌሊሴ፣ ከተሳካላት፣ እዚያ ሄዳ ከሱኒታ ጋር ልትሠራ ነው። ከአየር ጤና በተሳፈሩበት ታክሲ ውስጥ የሌሊሴ ልብ ቀድሟት ካትማንዱ ገብቷል።

ቤቴል፣ ለጥናቱ የተመረጠው ቤት ሲደርሱ እትዬ ዋጋነሽ ገና በር ላይ «ይሄ ልጅ አይበላም! በአየር ነው የሚኖረው» ብለው የአራት ዓመት ልጃቸውን ዳዊን ጠቆሙ።

ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር፣ በአንድ ትሪ። ሌሊሴ የዳዊን ድርሻ በሰማያዊው ሰሐን መዝና ከትሪው ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠችለት። ዳዊ ሰሐኑን አየ። ትሪውን አየ። ትሪውን የከበቡትን እናቱንና እህቱን ሶፊን አየ። ወደ ሌሊሴ ቀና አለ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም፣ የኔ ጌታ። ብላ።»

«አልሳልኩም እኮ!»

ሶፊ ሳቋ አመለጣት። «እዚህ ቤት ለብቻው የሚበላው ጉንፋን የያዘው ነው። ወይ ደግሞ የተቀጣ።»

ዳዊ እሪ ብሎ ሰሐኑን በእግሩ ገፋው።

«ልጄን ባይተዋር አደረጋችሁት!» አሉ እትዬ ዋጋነሽ። «እሺ፣ እሷስ እንግዳ ናት። አንቺስ የየት አገር ልጅ ነሽ?»

ይህቺ ቃል ሌሊሴን አጥንቷ ድረስ ገባቻት። እሷም እኮ ከወንድሞቿ ጋር ትሪ ዙሪያ እየተጋፋች ነው ያደገችው። መጽሐፍ ስትገልጥ ግን ያ ሁሉ እንደ ጫማ በር ላይ ወልቆ ይቀር ነበር።

«ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለች ሱኒታ በእንግሊዝኛ።

ሌሊሴ «አመለኛ ስለሆነ» ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ኔፓል ከእጇ ስታመልጥ ታያታለች። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ እውነቱን ነገረቻት።

ሱኒታ ዓይኗ ፈጠጠ። «እኛ ቤት የሚያስለቅሰው ተቃራኒው ነው። ሌላ ሰው ሲበላ የነካውን ምግብ ለሰው መስጠት ነውር ነው። የራስ ሰሐን እንዴት ቅጣት ይሆናል?»

«አንቺ ባትጠይቂኝ እኔም ልብ አልለውም ነበር» አለች ሌሊሴ።

ሰሐኑን አነሳችና ትንሿን ሚዛን ትሪው አጠገብ፣ ዳዊ ፊት አኖረች። «እትዬ፣ እንደ ወትሮው ብሉ። ዳዊ የሚጎርሰው ግን በሚዛኑ በኩል ይለፍ።»

«ጉርሻ ሊመዘን? ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል!»

«ዋጋነሽ መሰሰት ጀመረች ይላላ» አለች ሶፊ፤ የመጀመሪያውን ጠቅልላ ሚዛኑ ላይ አሳረፈች። ቁጥሩ በራ። ዳዊ ልቅሶውን ረስቶ አፉን ከፈተ። ከሶፊ፣ ከእናቱ፣ እንደገና ከሶፊ ጎረሰ። አይበላም የተባለው ልጅ! ለካ እትዬ ዋጋነሽ የሚቆጥሩለት በገዛ እጁ የሚያነሳትን ብቻ ኖሯል፤ በሰው እጅ የገባው ሆዱ ውስጥ እንጂ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ ዳዊ ራሱ ጠቀለለ፣ መዘነ፣ እጁን ወደ ሱኒታ አፍ ዘረጋ። ሌሊሴ «ጠግባለች» ብላ ልታድናት ዳዳት። ሱኒታ ግን ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። አኝካ ዋጠችና ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለች።

«የእኔስ ስንት ሆነ?»

ሌሊሴ ስትተረጉመው እትዬ ዋጋነሽ እንኳ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ከግቢው ሲወጡ መምህር ይገዙ ደወሉ። ሌሊሴ የሚዛኑንም የሰሐኑንም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ለብቻው ይቅረብ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እኔም ያደግኩት ትሪ ላይ ነው። በይ፣ ፓስፖርትሽን አውጪ።»

ሌሊሴ ስልኩን ዘግታ ሱኒታን ክንዷን ያዘቻት። «እናንተ ቤት ስመጣ አያትሽን ባጎርሳቸውስ?»

«በመጥረጊያ ነው የሚያባርሩሽ።»

«እንግዲያው ሰሐን ይዤ እመጣለሁ።»

ዳዊ ከኋላቸው በሩ ላይ ቆሟል። ሰማያዊውን ሰሐን የታክሲ መሪ አድርጎ፣ በሙሉ ሆዱ፣ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! አንድ ሰው!» እያለ እንደ ወያላ ተሳፋሪ ይጠራል።