ሳጥን ውስጥ የማለው ባል

ምንዋጋውን ኩራት ራቱ ነው ይሉታል፤ ሚስቱ ጥሩሐረግ አኩርፋ አባቷ ቤት ከገባች ወዲህ እውነትም ሌላ ራት አልነበረውም። ናፍቃዋለች፤ ግን ይሙት እንጂ አይናገርም። የጠባቸው ነገር እንስራ ነው። ወገቤን አሞኛልና እስኪሻለኝ ውሃ ቅዳልኝ ብትለው፣ ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ በሰቆጣ መንገድ ሊታይ ነው ብሎ ሳቀባት። እምቢ ቢላት ትችለው ነበር፤ ሳቁ ነው ያንገበገባት። እንስራውን ደጃፉ ላይ ገተረችና፣ ይህን አዝለህ ምንጭ ካልወረድክ አልመለስም ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጠብታ ውሃ የለም። ጥሙን በየጎረቤቱ ጠላ ይቆርጣል፤ ፊቱንም በጠላ አለመታጠቡ ተመስገን ነው።

በዚህ መሀል ጨርቅ ነጋዴው ኢብራሂም ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ዘመኑ ስድሳ ሦስት ነው፤ ኢብራሂም አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚሉትን ሳጥን አይቶ መጥቷል። ሳጥኑ ውስጥ ባል ሽርጥ አገልድሞ፣ እንባው እየወረደ ሽንኩርት ይከትፋል። ሚስት ሆዬ መነጽሯን ሰክታ ከቢሮ ትገባና፣ እግሯን አነባብራ ጋዜጣ እየገለጠች ራት ደረሰ ወይ ትላለች። ማን ይመነው! አንድ ክንድ አቡጀዲ የገዛ ሁሉ ድገምልን እያለ ጉሮሮውን አደረቀው። በመጨረሻ ጨርቅ የመጣበትን ትልቅ የእንጨት ሳጥን አንድ ጎኑን ገንጥሎ ሱቁ ደጃፍ አቆመና፣ በገበያ ቀን የሰቆጣ ቴሌቪዥን ይታያል ብሎ አስወራ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ምንዋጋውንም ባል ሁንልኝ ብሎ ያዘው።

ምንዋጋው እሺ ያለው ተንኮል አስቦ ነው። ባል እንስራ ሲያዝል ይታይ፣ አገር ይሳቅ፣ ጥሩሐረግም የጠየቀችው ነገር ምን ያህል ቧልት እንደሆነ ይግባትና አንገቷን ደፍታ ትመለስ። በእሱ ቤት ነገሩ አልቋል።

ሚስት የሆነው በቅሎ ነጂው ተስፋው ነው። ሪዙን በነጠላ ሸፍኖ፣ ማንበብ አያውቅምና ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ይዞ፣ ውሃው ደረሰ ወይ ሲል ሰው በሳቅ ተንከተከተ። ምንዋጋው እንስራውን እንዳዘለ የሳጥኑ ጣሪያ ግንባሩን መታው። አሁንም ሳቅ። ሳቁ ያሰከረው ተስፋው ግን ያልተባለውን ጨመረ፤ ብድግ አለና፣ እንግዲያው አባቴ ቤት ሄድኩ አለ።

ምንዋጋው ክው አለ። ሳያስበው የተስፋውን ነጠላ ጨመደደ።

«አትሂጂ፤ አንቺ ከሌለሽ ቤቱ ቤት አይደለም» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ይሄኔ አገር ያስታረቁት፣ ዓይናቸው የደከመው አለቃ ገብረ ጻድቅ በከዘራቸው ተነሡ። ባልና ሚስት ዓይናችሁ ሥር ሲጣላ የምትስቁ ምን ዓይነት ጎረቤቶች ናችሁ ብለው ተቆጡ። ኢብራሂም ጨዋታ እኮ ነው አባ ቢላቸው፣ ጠብ በሳጥንም ይሁን በሜዳ ጠብ ነው አሉት። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሳጥኑ ፊት ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ከተቀመጠ ደግሞ ማን ይነሣል? ነገሩን መረመሩ፤ የሚስት ወገብ እስኪድን ውሃ ባል ይቅዳ ብለው ፈረዱ። ምንዋጋው እየሳቀ እጁን አንሥቶ ማለ። ዋስ ጥራ ሲሉት ኢብራሂምን ጠራ።

ከሕዝቡ ኋላ ጥሩሐረግ ብቅ አለች።

«አለቃ፣ ተስፋው ከታረቀ እኔም ታርቄያለሁ። ነገ ጠዋት ምንጩ ጋ እጠብቀዋለሁ» አለች።

ምንዋጋው የማለው የሳጥኑ ባል ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብሎ ተንጨረጨረ። አለቃ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ማን ነው ብለው ጠየቁት። እኔ አለ። እንግዲያው ማን ይቅዳልህ አሉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ!

በማግስቱ ገበያተኛው ሁሉ ምንጩ ዳር ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ዋሱ ኢብራሂም እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ምንዋጋው እንስራውን ሞልቶ አዘለና አቀበቱን ጀመረ፤ ተስፋው ከኋላ ውሃው ደረሰ ወይ እያለ ሰዉን ያስቃል። ግማሽ መንገድ ላይ ገመዱ ትከሻውን ቆረጠውና ቆመ። ጥሩሐረግ አልሳቀችም። መጥታ ነጠላዋን አጣጥፋ ከገመዱ ሥር ሸጎጠችለት።

«እዚህ ጋ ነው የሚበላው» አለችና የቀሚሷን አንገት ፈቀቅ አድርጋ የራሷን ትከሻ አሳየችው። ገመዱ የላጠው ጠባሳ ጠቁሮ ነበር።

ምንዋጋው የበሬውን አንገት ቀንበር ሲልጠው ቅቤ ይቀባዋል፤ አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም። ይህን ግን አላየም።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነገርኩህ እኮ። ሳቅክ።»

ከዚያ በኋላ ተስፋው ምን እንዳለ፣ ሰው ምን እንደሳቀ አልሰማም። ቤት ሲደርሱ እንስራውን ገና ሳያወርድ፣ ቅቤው የት ነው አላት።