ክር ለማስገባት የሚበራ ምድጃ

እስቲ ንገሩኝ፤ የቤታችሁ አምፖል ማንም ሳይነካው ቦግ ሲል ምን ትላላችሁ? «ተመስገን» ነው አይደል? ሲፈዝ ጩኸታችን ለአገር ይተርፋል፤ ሲደምቅ ግን አቤት የሚል የለም። ብርሃን በዛብኝ ብሎ ማን ይከሳል!

ልብስ ሰፊዋም አልከሰሰችም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጥግ ባቆመችው መኪና ስትሰፋ ትውላለች። መኝታ ቤቱ ውስጥ አባቷ ተኝተዋል። ሳንባቸው ስለደከመ የኦክስጂን ማሽናቸው ቀን ከሌት ከሶኬት አይነቀልም።

ታላቅ እህቷ ኤሌክትሪሻን ናት፤ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሽቦ ስትፈታና ስታስር የኖረች። በዚያ ረፋድ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ልብስ ሰፊዋ ጠራቻት።

«እትዬ፣ እግረ መንገድሽን ምድጃውን አብሪልኝማ፤ ክር ላስገባ።»

«ምድጃና ክር ምን አገናኛቸው?»

«አብሪው፤ ታያለሽ።»

አበራችው። ከስፌት መኪናው በላይ የተንጠለጠለው ቢጫ አምፖል ቦግ አለ። ልብስ ሰፊዋ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ አንዴ ሰደደችው።

«አየሽ? መነጽር ምን ያደርግልኛል! ከሥር ያለችውም ጎረቤቴ እንዲሁ ነው የምታደርገው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች።

ኤሌክትሪሻኗ ክው አለች። ምድጃ ሲበራ መብራት ትንሽ ቢፈዝ ያለ ነው። ከደመቀ ግን ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስበት ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ አንድ ቦታ ላልቷል ማለት ነው። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ ከአንዱ መስመር ቀንሶ በሌላው ላይ ይዘምታል። ዛሬ አምፖል ያደምቃል፤ ነገ በሶኬቱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያነድዳል። መለኪያዋን ሰካች። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ማለት የነበረበት ሁለት መቶ ስልሳ አምስት አለ።

«ምድጃውን አጥፊ! የአባባን ማሽን ንቀይ!»

«አብደሻል? በምን ይተንፍሱ?»

«የመጠባበቂያ ኦክስጂን ሲሊንደሩ የታለ?»

ከአልጋው ሥር ነበር፤ ለሦስት ሰዓት የሚበቃ። ቱቦው ሲቀየርላቸው አባትየው ዓይናቸውን ገልጠው «ይቺ ልጅ በመጣች ቁጥር ሰላም የለም» አሉና መልሰው ጨፈኑ።

ኤሌክትሪሻኗ በሩጫ ወደ ሕንፃው ኃላፊ ወረደች። ነዋሪው እሱ በሌለበት «አቶ ነገ»፣ ፊት ለፊት ደግሞ «ጋሼ» ይለዋል።

«ጋሼ፣ የዋናውን የመብራት ሳጥን ቁልፍ ይስጡኝ። ኒውትራሉ ላልቷል። አጥፍቼ ላጥብቀው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«መብራት ጠፋባችሁ?»

«አልጠፋም። ደመቀ።»

ኃላፊው ከት ብሎ ሳቀ። «የኔ እመቤት፣ ሰው ጨለመብኝ ብሎ ይመጣል። አንቺ በራልኝ ብለሽ ልትከሺኝ ነው?»

«ባለፈው ወር የስንት ሰው ፍሪጅ ተቃጠለ?»

«ርካሽ ዕቃ ይገዛሉ፣ ይቃጠላል። ጥራት ያለው ተጠቀሙ ብለን ማስታወቂያ ለጥፈናል።»

«አባቴ በማሽን ነው የሚተነፍሱት!»

«እግዜር ይማርልሽ። ደብዳቤ ጻፊና አስገቢ፤ ነገ ኮሚቴው ያየዋል።»

ለመነች፤ ተከራከረች፤ ጮኸች። እሱ ሻዩን ያማስላል። ሰዓቱ ነጎደ።

ላይ ቤት አባትየው የሲሊንደሩ መለኪያ እየወረደ ሲሄድ ማየት አስጨነቃቸው። «ይሄ ለክፉ ቀን ነው፤ አትጨርሱብኝ። ማሽኔን መልሺልኝ» ብለው ልብስ ሰፊዋን ወጥረው ያዟት። የአባት ቃል ነው፤ መለሰችላቸው። ብዙም ሳይቆይ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ መኪኖቹን ሁሉ አስነሳ። ላልቶ የከረመው ሽቦ ተበጠሰ።

ኤሌክትሪሻኗ የኃላፊው ቢሮ አምፖል እንደ መብረቅ ነጭ ሆኖ ሲፈነዳ አየች። ወዲያው ከላይ የእህቷን ጩኸት ሰማች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ማሽኑ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ልብስ ሰፊዋ የሲሊንደሩን ቱቦ ለማያያዝ ትታገላለች። የአባታቸው ከንፈር ጠቁሯል። ቱቦውን ነጥቃ አስገባችላቸው። አራት ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ተሸክመዋቸው ወረዱ፤ ልብስ ሰፊዋ ተከትላ ሆስፒታል ሄደች።

ኤሌክትሪሻኗ ግን ቀረች። እግሯ ወደ አባቷ ይጎትታታል፤ ሳጥኑ ሳይጠፋ ከሄደች ደግሞ ቀጥሎ የሚነደው ሕንፃው ነው።

ኃላፊው «ቁልፉን የት አደረግኩት» እያለ ኪሱን ሲዳብስ፣ አንድ ነዋሪ መቆለፊያውን በመዶሻ ገነጠለው። ዋናውን አጠፋች። ኒውትራሉ ከብሎኑ ሥር ከስሎ ተበጥሷል። ይህን ጠብቃ ነበር። ያልጠበቀችው በሳጥኑ በር ውስጠኛ ፊት የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ነው። ሳጥኑን ያየ ባለሙያ በእስክሪብቶ የጻፈው ነው፤ «ኒውትራል ላልቷል፤ ሽቦው ይቀየር። ለኃላፊው ተነግሯል» ይላል። ቀን አለው፤ አራት ወር አልፎታል። ከመሬት የወደቀውን መቆለፊያ አነሳችው። አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ቅባቱ እንኳ አልለቀቀውም።

እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ጽሑፍ አይቶ መላ የፈለገው ለሽቦው ሳይሆን ለበሩ ነው። አላዋቂነት ነው እንዳትሉኝ! አላዋቂ የማያውቀውን ነገር አይቆልፍበትም።

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት። «ይተነፍሳሉ፤ ግን አይናገሩም» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ፕላስተሩን ልጣ ወደ ግቢው ወጣች። ነዋሪው ተሰብስቧል፤ ኃላፊው መሀል ቆሞ ስለ ርካሽ ዕቃ ያስረዳል። በእጇ የያዘችውን ሲያይ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ቢሮ እንግባና በሰከነ መንፈስ እንነጋገር።»

«አልገባም!» አለች። ጽሑፉን ከነቀኑ ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ አንቱታው ቀርቷል።

«ለኃላፊው ተነግሯል ይላል። ኃላፊው አንተ ነህ። መቼ ሰማህ? ሰምተህ ምን አደረግክ? ይህን ሳጥን ያስቆለፈው ማነው? ለእኔ በጆሮዬ እንዳትነግረኝ። እዚሁ፣ በነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት፣ አሁን መልስ!»