የሚጮኸው ክንድ

ልብስ ሰፊዋ የባሏ ክንድ ዝም ስላለላት ደስ ብሏት ነው ሆስፒታል የገባችው። ደስታዋንስ ምን ይገልጸዋል! ለኩላሊት እጥበቱ ብለው ግራ ክንዱ ላይ ሁለት ደም ስር ካገጣጠሙለት ወዲህ ቦታው እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል፣ ጆሮ ሲጠጋው ይጮሃል። ሹፌር ባሏ «ሞተር ገጠሙልኝ» እያለ ይቀልዳል፤ እሷን ግን ያስፈራታል። ጤነኛ ደም ይጮሃል እንዴ? ዛሬ ጠዋት ሻሿን አጥብቃ ጠመጠመችበት። ፀጥ አለ። እሰይ!

ነርሷ እጇን አልጋ ላይ በተኛው ባሏ ክንድ ላይ ስታሳርፍ ፊቷ ተለወጠ። «ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ ሲስተር። ይጮህ ነበር፣ አሁን ተሻለው።»

ነርሷ ሻሹን ፈታችው። «እትዬ፣ ይሄ ከተዘጋ ሌላ የሚታጠብበት የለውም። ቀኝ ክንዱ ላይ የተሞከረው ከሽፏል።» ደግማ ዳሰሰችው። «ንዝረቱ በጣም ደክሟል። ትንሽ እንጠብቀው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። በገዛ እጇ!

ነርሷ አዘነችላትና ጥግ ያለውን ቧንቧ በጥቂቱ ከፈተችላት። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ድምፅ የለው፣ ንቅናቄ የለው፣ የቆመ መስታወት ነው የሚመስለው። «አብዛኛው ደማችን እንዲህ ነው የሚሄደው፤ በሰልፍ፣ ሳይጋፋ። ለዚህ ነው የማይሰማን።» እጀታውን ጨመር አደረገችው። ውሃው ድንገት ነጣ፣ ተተራመሰ፣ ጮኸ። «እዚህ ክንድ ላይ ግን ከልብ የሚመጣውን ደም ስር ወደ ልብ ከሚመለሰው ጋር አገናኝተነዋል። ደሙ ይሮጣል፣ ይጋፋል፣ ይሽከረከራል። የሚጮኸው መንገዱ ክፍት ስለሆነ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጀታውን ራሷ ያዘችው። መለስ ስታደርገው መስታወት፤ ጨመር ስታደርገው ሁከት። ያው ውሃ፣ ያው ቧንቧ! ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኳን ልብስ ስትነክር ይሄን ተአምር እያየች አላየችውም።

«እኔም ውስጥ አሁን ይሄ ዝም ያለው ይሄዳል?»

«አሁን፣ ቆመው ሳሉ።»

ደረቷን በእጇ ያዘች። ምን ዓይነት ነገር ተሸክማ ነው ስትዞር የኖረችው?

ነርሷ የልብ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካችላትና ጫፉን በባሏ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ ሹ... ሹ... አለ። ቀጥሎ ወፈረ፣ ጎርፍ ሆነ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አላት ባሏ እየሳቀ። የሳቀው ጥርሱ ነው እንጂ ሌላው እጁ አንሶላውን ጨምድዶ ይዟል።

«አንተ ዝም በል» አለችው፣ ማዳመጫውን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ እየገፋች። «እሱ ይጩህ።»