በሰው የሚሞቅ ቤት

የበኩር ልጄ አርክቴክት ነው። ቤታችንን ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ቆሞ አሠራው። ግድግዳው እንደ ፍራሽ ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ሦስት መስታወት ተደራርቦበታል፤ ንፋስ የሚገባበት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የለውም። አየር የምትለዋውጥ ትንሽ መሣሪያ ጣሪያው ሥር ቀን ከሌት ታንጎራጉራለች። ማሞቂያ ግን የለም። አባቱ በብርድ ጊዜ በምን ልንሞቅ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ «በእናንተው» አለ። ሰው ሲተነፍስ፣ ሲንቀሳቀስ፣ ሲጨቃጨቅ ሙቀት ያወጣል፤ ቤቱ ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

እውነቱን ነበር። ከገባን ወዲህ ካልሲ አላደረግንም። ችግሩ፣ ቤቱ የተለካው ልክ ለእኛ ነው፦ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለእሱ፣ ለእህቱና ለባለቤቴ እናት፣ ለአማቴ። አማቴ ከሶፋ ስለማይነሱ እንደ ግማሽ ሰው ቆጠራቸው። ይህን የሰሙ ዕለት፣ እኔ ግማሽ ከሆንኩ አባትህ ከየት ሙሉ ሆኖ ተወለደ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ሰው ለመባል ሲሉ ከዘራቸውን ይዘው ሳሎኑን ይዞራሉ።

ታዲያ ሴቷ ልጄ ላገባ ነው አለች። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ወንድሟ እርሳሱን አነሳ። የማን ልጅ ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። በብርዱ ወቅት አንድ ሰው ከጎደለ ቤቱ አይችልም፣ የአያቴ ደረት ደግሞ ብርድ አይወድም፣ ስለዚህ ትቆይ አለ። እስከ መቼ ብትለው ወደ ስሌቱ ተመለሰ።

ባሏ እዚሁ ይግባ ብዬ አስታረቅኩ። እጮኛዋ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ገና ከበር ሲገባ የምድጃ ወላፈን ይዞ ነው የሚገባው። አንድ እሑድ ለሙከራ አስቀመጥነው። ምሳ ሳይቀርብ አማቴ ሻርፓቸውን ጣሉ፣ ባለቤቴ ግቢ ወጥቶ ቀረ። ልጄ ቴርሞሜትሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ስትሄድ ይበርዳል፤ እሱ ሲመጣ ይፈላል።

«እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ ወይስ ማሞቂያ?» አለች ልጄ፣ እንባዋ እየቀደማት።

ሁለቱም ከአንድ ማህፀን የወጡ ናቸው፤ የቱን ልያዝ? በመጨረሻ፣ ሄዳ እንየው አልኩ። እህቴ ዘንድ ትሰንብት፤ አያቷ ከበረዳቸው ትመለሳለች፤ ካልበረዳቸው ትዳራለች። ወንድሟም ተስማማ፤ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፊት ነበረው።

ሄደች። የእህቴ ቤት ንፋስ እንደ ልቡ የሚመላለስበት ቤት ነው። ጃኬቷን ይዛለች? በልታለች? የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውጭ ተቆልፎባት ይሆን? እደውላለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ የታጠበውን ሰሃን ደግሜ አጥባለሁ። እህቴ ስልክ ማንሳት ሰለቻትና ዘጋችው። ያኔማ ባሰብኝ፤ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ ዋልኩ።

ልጄ ቴርሞሜትሩን አራግፎ አየው። ወደ ላይ ነው የሚለው። መሣሪያዋን ፈታ፣ ገጠማት። ጎረቤት በግድግዳ በኩል እሳት አንድዶብን እንደሆነ ሄዶ ጠየቀ፤ ሳቁበት። ወዲያው ሙቀትን በቀለም የሚያሳይ ካሜራ ከቢሮው አምጥቶ ቤቱን ያስስ ጀመር። ግድግዳው ሰማያዊ፣ አባቱ ብጫ፣ አማቴ አረንጓዴ። ወደ እኔ ሲያዞረው ደም የመሰለ ቀይ ሆንኩ።

«እማዬ» አለ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ «ስትጨነቂ ለብቻሽ የሁለት ሰው ሙቀት ታወጫለሽ። እኔ ሳሰላ ተረጋግተሽ ነው የቆጠርኩሽ።»

አማቴ፣ መቼ ተረጋግታ አይተሃት ታውቃለህ አሉት።

ልጄን ዳርናት። ጋጋሪው የሚኖረው ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው፤ እዚያ ይበርዳታል ብዬ ሳይሆን ይሞቃታል ብዬ ነው አሁን የምጨነቀው። ቤታችን ብርዱ ሲከር ያለ ሻርፕ የሚዋልበት ሆነ፤ አርክቴክቱም ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ ትቶ ጭንቀት ሲይዘኝ ቴርሞሜትሩን ያይ ጀመር።

ትናንት ልጄ ደወለች። አማቴ ናቸው ያነሱት። ለእማዬ ንገሪልኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ምንም አታስብ ስትል ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል።

አማቴ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩና፣ ቀፎውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ቀስ ብለው መለሱላት፦

«ተይ የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ አትበያት፤ ይበርደናል።»