የውሰት ቀበቶ

ሆሴዕ ከሆሳዕና ሞርሲቶ የምትመላለስ የአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ባለቤትም ሹፌርም ነበር። የጋቢናዋ ቀበቶ ተበጣጥሶ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረው የቡሎኑ ቀዳዳ ብቻ ነው። ዓመታዊ ምርመራ በደረሰ ቁጥር ግን ቀበቶ ይኖራታል። እሱና ሌሎች አራት የአሮጌ መኪና ሹፌሮች ጫፉ ላይ መንጠቆ የተበየደለት፣ በሁለት ደቂቃ ገብቶ በሁለት ደቂቃ የሚወጣ አንድ ቀበቶ በጋራ ነበራቸው። አንዱ ምርመራውን ሲያልፍ ነቅሎ ለተረኛው ያቀብላል።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው አቶ አክሊሉ ቀበቶውን ሳብ ሳብ አደረገና መንጠቆውን አየ።

«ይሄ ይነቀላል እንዴ?»

«ለጽዳት እንዲመች ብዬ ነው» አለ ሆሴዕ።

«መነቀሉ ብቻውን አያስጥልህም፤ ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ግን ሰው ጭነህ በምትሄድበት ሰዓት ሁሉ ከቦታው መገኘት አለበት። ተግባባን?»

«ተግባብተናል።»

ይህንኑ በሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ከምርመራው ግቢ ወጥቶ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፈ ተረኛው ዳኘ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። ቀበቶውን ነቅሎ ሰጠው፤ ተሳሳቁና ተለያዩ።

ረቡዕ ዕለት ቲቸር ትርፊት መናኸሪያ መጡ። ሆሴዕን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሆሴዕ ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነስቶ በክብር አስገባቸው። ቲቸር እንደተቀመጡ በቀኝ ትከሻቸው በኩል በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ምንም ሲያጡ እጃቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሆሴዕ አይቷል። ምን እንደሚፈልጉም ገብቶታል። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ።

ከከተማው ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከእንሰት ማሳው መሀል አንድ የፈረስ ጋሪ ድንገት መንገዱ ላይ ወጣ። ሆሴዕ ፍሬን ያዘ። ጋሪው ተረፈ። ቲቸር ትርፊት ግን ወደ ፊት ተወርውረው ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጩ። ሁለት ጥርሳቸው ወለቀ፤ የእጃቸው አንጓም ተሰበረ።

ሐኪም ቤት እጃቸው በጄሶ ታስሮ ሳለ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ መጣች።

«እናቴ፣ ቀበቶ አስረው ነበር?»

ቲቸር ያበጠ አፋቸውን በነጠላቸው ከለል አደረጉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። በእጄ ፈልጌ አጣሁት። ይሄ ዓይኔ አያይልኝም። ልጁን መጠየቅ አሳፈረኝና ተውኩት። እሱን አታስቸግሪው።»

ፖሊሷ ወደ ሆሴዕ ዞረች። ሆሴዕ የሰኞውን የምርመራ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። አንብባ መለሰችለት። «ነገ ጠዋት መኪናውን አያለሁ» ብላ ሄደች። ቲቸር ባልተሰበረው እጃቸው ክንዱን ዳበስ አደረጉ። «አይዞህ» አሉት። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ቤቱ ሲደርስ ዳኘ ቀበቶውን በፌስታል ይዞ በር ላይ አገኘው።

«ሰምቼ ነው የመጣሁት። ቶሎ ግጠመው። ሴትየዋ ራሳቸው አላሰርኩም ብለዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ሆሴዕ ፌስታሉን ተቀበለ። ሚኒባሷ ውስጥ ገብቶ መንጠቆውን ቀዳዳው ላይ ደገነው። የቀረው አንድ ግፊት ነበር። ቲቸር ያንን ቦታ ሲዳስሱ ታዩት። ዓይኔ ነው ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ ለእሱ ሲለምኑ። እጁን መለሰ።

ጠዋት ፖሊሷ ስትመጣ ቀበቶውን በእጁ ይዞ ጠበቃት። «መኪናዋ ውስጥ አልነበረም» አላት። «ከምርመራ እንደወጣሁ ነቅዬዋለሁ። ቲቸር ቢፈልጉትም አያገኙትም ነበር።» የሌሎቹን ስም አልጠራም፤ ነገር ግን ወሬው ሳይውል ሳያድር ተሰማና አምስቱም መኪናዎች እንደገና ለምርመራ ተጠሩ። የሆሴዕ ታርጋ ተፈታ፤ መንጃ ፈቃዱም ተያዘ። ዳኘ በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን አዞረበት። ይህ ሁሉ ከብዶት ነበር፤ የቲቸር በር ላይ እንደመቆም ግን አልከበደውም።

ልጃቸው ሐዳሳ አስገባችው። እንደቆመ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሲዳስሱ እንዳያቸው፣ የፈለጉት ገብቶት እንደነበር፣ ሐኪም ቤትም ዝም እንዳለ።



«እኔ እኮ» አሉ ቲቸር፣ «ዓይኔ ጨርሶ ጠፋ ብዬ ማታ ሳለቅስ ነበር።»

ሆሴዕ አንገቱን ደፋ።

«ይቅር አልልህም አላልኩም» አሉት። «ዛሬ ግን ሂድልኝ። ዛሬ ላይህ አልችልም።»

ወጣ። በሳምንቱ ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ ሐዳሳ «ተኝተዋል» ብላ መለሰችው፤ ድምፃቸው ግን ከጓዳ ይሰማው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ማን እንደሆነ ለማየት ፊታቸውን አስጠግተው አዩት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

ከበሩ ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁለት። ገብቶ ከመዝጊያው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሲቀርብለት በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ቀና ብሎ ፊታቸውን ለማየት ግን ያን ቀንም አልደፈረም።