ስም የማይጠይቅ ሳጥን

አወቀ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ሲገባባት በምትሞላ ሱቅ ውስጥ የሰው አቤቱታ ይጽፋል። ከሳሽም ተከሳሽም እሱ ዘንድ ስለሚመጡ፣ ጠዋት ለአንዱ የካበውን ከሰዓት ለሌላው ሲያፈርስ የሚውልበት ቀን አለ። ለራሱ የሚጽፈው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ «የደምበጫ ልጅ» የሚባል ብሎግ አለው። ስለ ገበያው፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ልጅነቱ ያወራበታል። ወሬው ምንም ሆነ ምን መዝጊያው አንድ ነው፦ «ዓለምነው፣ ይህን ካነበብክ አንድ ቃል ጣልልኝ።»

ዓለምነው ታናሽ ወንድሙ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወረደ። ሲሄድ እናቱን ጉልበት ስሞ ነው፤ አወቀን ግን ዞር ብሎም አላየው። ስልኩ ከተዘጋ ዓመት አለፈው።

ብሎጉን በሳምንት አራት መቶ ሰው ያነበዋል፤ ቆጣሪው ይናገራል። አስተያየት የጻፈ ግን አንድም የለም። አወቀ ጥፋቱን በአስተያየት መጻፊያው ሳጥን ላይ ጣለው። እውነትም ሳጥኑ ቀላል አልነበረም፦ ኢሜይል አምጣ ይላል፣ የይለፍ ቃል ይላል፣ በስልክ የላክሁልህን ቁጥር መልስ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሥዕል ደርድሮ «ድልድይ ያለበትን ምረጥ» ይላል። ድልድይ ይሠራልን ብሎ ሃያ ዓመት ሲያመለክት የኖረን ገበሬ!

ጎረቤት ሱቅ ስልክ የምትጠግነውን እስከዳርን ጠራት። እሷም በእናቷ የደምበጫ ናት።

«እስቲ ቁጠሪልኝ። አንድ ሰው እዚህ ቃል ለመጣል ስንት በር ያልፋል?»

«አምስት።»

«ቤተ መንግሥት ነው እንዴ?»

«በሩ እኮ የተሠራው ለሌባ ነው፣ ጋሼ አወቀ።»

«ከእኔ ቤት ምን ሊሰርቅ? ክፈችው።»

«ስምም አይጠየቅ?»

«አይጠየቅ።»

«የተጻፈውም ሳታየው ይውጣ? ኋላ የመጣው ቢመጣ እኔን እንዳትል።»

«አሥራ አምስት ዓመት የሰው ስድብ በሕግ ቋንቋ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ክፈችው አልኩሽ።»

እስከዳር አንድ በአንድ አነሣችው። ስትጨርስ ዓይኑን ሳታይ፣ «ሰው ዝም የሚለው በር ከብዶት ብቻ አይደለም» አለችው።

«ታዲያ በምን?»

«እንጃ» አለችና ወደ ስልኮቿ ሄደች።

የዚያን ቅዳሜ አወቀ የአባቱን በቅሎ ጻፈ። ዳማዋ በቅሎ ልጅ ሳሉ ገመዷን በጥሳ ወጥታ ጅብ እንደበላት፣ የዚያን ቀን ጠባቂ የነበረውን ዓለምነውን አባታቸው ጅራፉ እስኪቀጥን እንደገረፉት ጻፈ። ከሥሩም፦ «ሳጥኑን ነክቶ መጻፍ ብቻ ነው። ስም አይጠየቅም።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲከፍተው ሠላሳ ሰባት አስተያየት ጠበቀው። የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ አንዲት ነጥብ፣ ሌላ ምንም። ሁለተኛው «አይዞህ»። ሦስተኛው «እግዚአብሔር ያበርታህ»። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሹ ሐኪም የሠራውን የእናቱን ዓይን ይጠይቃል፦ «የእትዬ የብርጓል ዓይን እንዴት ሆነላቸው?» «ሁለተኛው ዓይን ፋሻው ተነሣ?» ስለ በቅሎዋ ያነሣ የለም። ስለ ዓለምነው ያነሣ የለም። አወቀ ከሙያው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የተጠየቀውን ደብቋል።

ሠላሳ ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦

«ገመዱ አልተበጠሰም። አንተ ነህ የፈታኸው።»

አወቀ ከወንበሩ ተነሥቶ የሱቁን በር ዘጋ። ለምን እንደዘጋው አያውቅም።

እውነት ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ተደብቆ ሊጋልባት ፈታት፤ ሲመልሳት ገመዱን ደህና አድርጎ አላሰረውም። ዓለምነው አይቶታል። ተገረፈ፤ አልተናገረም። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። አባታቸው ሳይሰሙት ሞቱ፤ አወቀ ለነፍስ አባቱ እንኳ «በቅሎ ጠፋብን» ብሎ ነው ያለፈው።

ፍርሃቱ ሲለቀው ደስታው መጣ። በሩን በርግዶ ወጣ። «እስከዳር! ጽፏል! ዓለምነው ጽፏል!»

እስከዳር የያዘችው ብሎን ከእጇ ወደቀ። «ማን?»

«ዓለምነው! ከየት እንደጻፈ ማወቅ ይቻላል?»

«አይጠየቅ ያልከው አንተ ነህ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን የእሷ አልነበረም።

አወቀ ሳጥኑ ውስጥ «ወንድሜ፣ እውነት ነው። የት ነህ?» ብሎ ጻፈና ወደ ቤቱ ሮጠ። እናቱ የብርጓል ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ሲነግራቸው እልል አሉ። ጎረቤት ሰማ። እልል ብሎ የተቀበላቸው ግን አልነበረም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የአጥሩ በር ተንኳኳ። ከፈተ። አጎቱ ታረቀኝ ከካህን ጋር ቆመዋል፤ ከኋላቸው አሥር ያህል ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሳል እንኳ አፍኖ ቆሟል። ሰው ለምሥራች እንዲህ አይመጣም።

«አያ ታረቀኝ፣ በደህና ነው?»

«ግባና ቁጭ በል፣ ልጄ።»

«እዚሁ ይንገሩኝ።»

«ዓለምነው አርፏል። ወባ ነው። ኅዳር ላይ።»

«ኅዳር? አሁን እኮ ግንቦት ነው።»

«የእናትህ ዓይን ነበረ» አሉ ታረቀኝ። «ሐኪሙ እንባ ከለከለ። አንዱ ዳነ ስንል ሁለተኛው ተሠራ። ለአንተ እንዳንነግርህ ደግሞ አንተ ወረቀት ነህ፤ ሁሉ ነገር ፊትህ ላይ ይነበባል። አገር ተማምሎ ዝም አለ። ትናንት እልል አሉ ሲባል ግን… እንዴት ብለን እንቻል?»

«ትናንት ጽፎልኛል እኮ!»

ታረቀኝ ካህኑን አዩ። ካህኑ መሬቱን አዩ። ከጓዳ የብርጓል «ማነው በዚህ ማለዳ?» አሉ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። ደምበጫ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። የሚደርሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ በአወቀ ጆሮ ኃጢአቱን ይናዘዝ ጀመር። «ነጥቧ የእኔ ናት፤ ሌላ ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።» «አይዞህ ያልሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።» ያን ጊዜ ገባው። አራት መቶው ሰው በየሳምንቱ ያነበው የነበረው ስለ ገበያው ብሎ አልነበረም፤ መርዶውን ሰምቶ ይሆን ብሎ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ስድስቱ ባለቤት አገኙ። ሠላሳ ሰባተኛውን እኔ ነኝ ያለ የለም።

ታረቀኝ መላ አመጡ። «አንድ ዳስ ሥር መቶ አጫጅ ያድራል። ለአንዱ አውርቶት ይሆናላ።»

ዓለምነውን በእጁ የቀበረው ጌቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። «አብሬው ሁለት ዓመት አድሬያለሁ። ስለ ቤቱ አንዲት ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ አገሩን እንኳ ያወቅሁት ሲሞት ከመታወቂያው ነው። ወንድም እንዳለውም የሰማሁ እዚህ መጥቼ ነው።»

ከለቅሶው በኋላ የብሎጉ አንባቢ ከአራት መቶ ወደ ዜሮ ወረደ። ከእንግዲህ የሚጠብቁት ወሬ አልነበረማ። እስከዳር መጥታ፣ «ሳጥኑን ልዝጋው?» አለችው።

«ተይው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ቤት አምጥቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። የበቅሎዋን ጽሑፍ ከፈተ። «ገመዷን በጥሳ» የሚለውን ሰረዘና፣ «ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ የተገረፈው ዓለምነው ነው» ብሎ ጻፈ። መዝጊያው ላይ ሲደርስ «ዓለምነው፣ ይህን ካነበብክ» የሚለውን ሳይነካው ተወው።

«ምን ጻፍህ? አንብብልኝ» አሉት የብርጓል።

አነበበላቸው። «አንዲት ቀን አልነገረኝም» አሉ። «ጀርባውን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።»

አወቀ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ቆጣሪው የብሎጉን ባለቤት ንባብ አይቆጥርም፤ ይህን ያሳየችው እስከዳር ናት። ከለቅሶው ወዲህ ዜሮ ሲል የሰነበተው ቆጣሪ አሁን አንድ ይላል።

ከሥሩ ሳጥኑ ክፍት ነው።