ከሆዴ የተረጎምኩት

በእኛ ጸሎት ቤት ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም። ሦስት እሑድ በተከታታይ ከቀረህ ሁለት እህቶች ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ደጅህን ያንኳኳሉ። ዳቦውን ትቀበላለህ፣ ታስቀምጣቸዋለህ፣ ለምን እንደቀረህ ትናገራለህ። የምትመለስ ከሆነ ትመለሳለህ። የምትሄድ ከሆነ ደግሞ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ቆመህ ምክንያትህን ለሁሉም ትነግራለህ። ምክንያቱን ሳይናገር የሄደ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም ሰክሮ ከገደል የወደቀው ጀልባ ቀቢ ነው። እሱንም ቢሆን ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ጠይቀውታል።

ለእኔ የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት በዝናብ ነው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የባሕር አረም እየጠቀለልኩ በገመድ አስር ነበር። እንጀራዬ እሱ ነው፤ ከድንጋዩ ላይ እቆርጣለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ከአራውኮ ከተማ ለሚመጡ ነጋዴዎች እሸጣለሁ። በሩ ሲንኳኳ ኤዱቪና እንደምትሆን አውቄያለሁ። ኤዱቪና በመዘምራኑ ውስጥ ማንዶሊን ትመታለች፣ ምላሷም እንደ ጣቷ ዕረፍት የለውም። ከኋላዋ ግን እማማ ኡበርሊንዳ ጥቁር ሻርፓቸው በዝናብ ርሶ ቆመዋል። ከሰው ሁሉ መርጠው እሳቸውን ላኩብኝ።

"እኛ እኮ ሞታለች ብለን ነበር" አለች ኤዱቪና ጫማዋን እያራገፈች። "አልሞትሽም። እንግዲህ ሌላ ምክንያት አምጪ።"

"ጉልበቴን አሞኝ ነው።"

"ትናንት ገደሉ ላይ እንደ ፍየል ስትወጣ ያየኋት ሴትዮ ማን ነበረች ታዲያ?"

እማማ ኡበርሊንዳ ፈገግ አሉ። "ተያት፣ ኤዱቪና። ሰውን የሚያመው ሁሉ አይታይም።" ዳቦውን ከጨርቁ ፈትተው ቆረሱልኝ። ገና አልቀዘቀዘም ነበር። "ብዪ በሞቴ። ከስተሻል።"

በላሁ። ምን ላድርግ? ስድስት ዓመት የእኔን ውሸት ሲበሉ የኖሩ ሴት በእጃቸው ዳቦ ሲሰጡኝ ተቀብዬ በላሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ በጸሎት ቤታችን የልሳን ተርጓሚ ነበርኩ። አንዱ መንፈስ ሲሞላው በማይታወቅ ልሳን ይናገራል፣ ትርጉሙ ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ሽማግሌው ኒካኖር በልሳን ተናግረው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ተርጓሚ ጠበቀ። ዝምታው አስጨነቀኝና አፌን ከፈትኩ። ደግ ነገር ወጣ፣ ሰዉም አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ኒካኖር በተናገሩ ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል።

መጀመሪያ ላይ ስጦታ ማለት እንዲህ ነው ብዬ አምኜ ነበር። እያደር ግን ራሴን በራሴ ደረስኩበት። ከመናገሬ በፊት ፊታቸውን አያለሁ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ሲያለቅስ እንዳደረ አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ የሚሻውን አድላለሁ። ከላይ የመጣ አንድ ቃል እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ከሆዴ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት የእማማ ኡበርሊንዳ ባል ክሎዶሚሮ ለሞት ተቃረበ። በጉብዝናው ጊዜ እየጠጣ ሚስቱንና ልጁን ሲደበድብ የኖረ ሰው ነው። ጌታን ካገኘ በኋላ እጁን ሰበሰበ፣ ሲኦልን መፍራቱን ግን አልተወም። ዓይኑን ከጨፈንኩ እዚያ እነቃለሁ እያለ እንቅልፍ አጣ። አልጋው አጠገብ ኒካኖር በልሳን ጸለዩ፣ እኔም "ይቅር ተብለሃል፣ በሰላም ና" ብዬ ተረጎምኩ። ክሎዶሚሮ እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። በማግሥቱ በሰላም ሞተ። በዚያ አልተጸጸትኩም፤ እንዲያውም ኮርቼ ነበር።

በዓመቱ ልጃቸው ሮሳሜል ከሁለት ሰዎች ጋር ለዓሣ ወጣ። ጀልባዋ ተሰባብራ ተገኘች፣ የሁለቱን ሬሳ ባሕሩ መለሰ፣ ሮሳሜልን ግን አስቀረ። በእኛ ባሕር ዳር ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱ በሣጥን ተደርጎ ይቀበራል። አናጢው ሣጥኑን ጨርሶ፣ ቀብሩ ለእሑድ ተቀጥሮ፣ ቅዳሜ ጸሎት ላይ ኒካኖር በልሳን ተናገሩ። እማማ ኡበርሊንዳ የልጃቸውን ሹራብ ታቅፈው አዩኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

"የሄደው ይመለሳል" አልኩ።

ለአንድ ሌሊት እንኳ ይተኙ ብዬ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሣጥኑ ወደ ጸሎት ቤቱ መጋዘን ገባ፣ ቀብሩም ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ኡበርሊንዳ ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረቅ ሹራብ ይዘው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፣ ልጄ ሲመጣ ይበርደዋል ብለው። ሹራቡን ብል በልቶት ሁለት ጊዜ አዲስ ሠርተዋል።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምናልባት ችዬው እኖር ነበር። የሮሳሜል ሚስት ሚርታ ግን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሊያገባት ጠየቀ። መጋቢያችን አብዶን ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ቃል ቃል ነው ብለው "የሚመለስ ባል ያላት ሴት አታገባም" አሏት። "ባሌ ሞቷል" አለች ሚርታ። ይህች አነጋገሯ እንደ ክህደት ተቆጠረችባት፤ ከመዘምራን ወጥታ የኋላው ወንበር ላይ ብቻዋን እንድትቀመጥ ተደረገ። ዳቦ ጋጋሪው እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሯ ላይ ዳቦ አንጠልጥሎላት ይሄዳል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ።

ለምን ስድስት ዓመት ዝም አልሽ ብትሉኝ አፍሬ ነው። ደግሞም መከበር ይጣፍጣል። ጀልባ ሲገባ የመጀመሪያው ዓሣ ለእኔ ይመጣ ነበር፣ እኔም "ኧረ አታስቸግሩ" እያልኩ እቀበል ነበር።

ባለፈው ወር እማማ ኡበርሊንዳ ባሕሩ ዳር አረም ስለቅም አገኙኝ። "ኖልፋ ልጄ፣ ልሳን ሲመጣ ቀኑን ጠይቂልኝ" አሉኝ። "ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሮሳሜል ሲመጣ ቤት እንዳያጣኝ ፈራሁ።" እጠይቃለሁ አልኳቸው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቀረሁ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ማክሰኞ ዕለት ዳቦ የሚቆርሱልኝ።

"ወንድ አገኘሽ?" አለች ኤዱቪና።

"በዚህ ዕድሜዬ ማን ያገኘኛል?"

"ካቶሊክ ሆንሽ?"

"አልሆንኩም።"

"ሳንቲያጎ ያለችው እህትሽ ነች። እሷ ናት ያበላሸችሽ፤ ፀጉሯን ከቆረጠች ጀምሮ አላማረችኝም።"

"እህቴን ተያት። እሑድ መጥቼ እናገራለሁ። ለሁሉም፣ አንድ ጊዜ።"

ሲወጡ እማማ ኡበርሊንዳ ከኋላ ቀሩና ጆሮዬ ሥር "ቀኑን ጠየቅሽልኝ?" አሉ። አልጠየቅኩም አልኳቸው። "ግድ የለም፣ እስኪሻልሽ" ብለው ጉልበቴን ዳበስ አድርገው ሄዱ።

እሑድ ደረሰ። ወንዶቹ በቀኝ፣ እኛ ሴቶች በግራ፣ ሚርታ ከሁላችንም ኋላ። ማንዶሊኖቹ ሲያበቁ እንደ ልማዳችን ቆመን ሦስት ጊዜ "ክብር ለእግዚአብሔር" አልን፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። መጋቢ አብዶን ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲሉ ወደ ፊት ወጣሁ።

"ከእናንተ የምለየው ጠልቻችሁ አይደለም" አልኩ። "ያሳደጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። ግን በእናንተ መካከል ልቆም አይገባኝም። ስለ ሮሳሜል የተናገርኩት ትርጉም አልተሰጠኝም ነበር። እናቱ ሲያለቅሱ አይቼ ከራሴ የተናገርኩት ነው። ሚርታ በማይመለስ ባል ነው የታሰረችው። ያሰርኳት እኔ ነኝ።"

መጋቢ አብዶን ወደ እኔ ተራምደው "እህት ኖልፋ፣ ጠላት እየፈተነሽ ነው። ተቀመጪ፣ እንጸልይልሽ" አሉ።

"እውነቴን ነው፣ መጋቢ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ኤዱቪና ከመዘምራኑ መካከል። "ልጅ ትወልጃለሽ ያልሽኝስ?"

"እሱም ከራሴ ነው።"

"ሦስት ወልጃለሁ እኮ።"

"እንኳን ማርያም... እንኳን ጌታ ማረሽ። ግን እኔ አላውቅም ነበር።" የእናቴ የካቶሊክ አፍ አመለጠኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር።

ከወንዶቹ በኩል ማጉረምረም ተጀመረ። ሽማግሌው ኒካኖር ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ወለሉን ያያሉ። በዚህ መሀል እማማ ኡበርሊንዳ ተነሡ።

"የሄደው ይመለሳል ያልሽው" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ከራስሽ ነው?"

"ከራሴ ነው፣ እማማ።"

"ማንም አልነገረሽም።"

"ማንም።"

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ለእርግማኑ ተዘጋጅቻለሁ፣ ምራቃቸውን እንዲተፉብኝም ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር።

"የክሎዶሚሮስ?" አሉ። "አልጋው ላይ ሳለ ያልሽውስ?"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። እማማ ኡበርሊንዳ በሁለት እጃቸው የፊተኛውን ወንበር ጨብጠዋል፣ ጣቶቻቸው ነጥተዋል። ልጃቸውን አሁን ወስጄባቸዋለሁ። ቀጥዬ "እሱም ከራሴ ነው" ብል ባላቸውን አንሥቼ ወደዚያ ሲፈራው ወደኖረው እሳት መጣሌ ነው። ከዚያ ሁሉ ዱላ በኋላ ይቅር ያሉት፣ እግዚአብሔር ይቅር ብሎታል ስላልኳቸው ነው። ፊታቸውን አየሁ። ያው አስተያየት ነበር፣ የዚያን ቅዳሜው።

"የክሎዶሚሮው ተሰጥቶኝ ነው" አልኩ። "እሱ ብቻ። እሱ የእግዚአብሔር ነበር።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ተመስገን" አሉ። "እንግዲያው ልጄን አባቱ እዚያ ይቀበለዋል።" ከዚያ ዞረው ወደ ኋላው ወንበር ተጣሩ። "ሚርታ፣ ነይ ልጄ። ሣጥኑን እናውጣ።"

ሚርታ በመካከላችን አልፋ መጣች። እማማ ኡበርሊንዳ ከቦርሳቸው ሹራቡን አውጥተው እጇ ላይ አኖሩት፣ እሷም አቅፋው እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። በዚያች ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ባሏን እንድታለቅስ ያልተፈቀደላት ሴት ናት። መጋቢ አብዶን ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆዩና፣ ስለ ጋብቻው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ይሁን" አሉ።

ሮሳሜልን በማግሥቱ ቀበርነው፤ ሹራቡን፣ የእሑድ ሱሪውንና አንድ ጫማውን። ዳቦ ጋጋሪው ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ነበር፣ እማማ ኡበርሊንዳ ራሳቸው በእጃቸው ጠርተው አስገቡት።

ከቀብር ስንመለስ ኤዱቪና ክንዴን ያዘችኝ። "በይ አሁን ተናዘሽ ታጠብሽ። መጋቢም ይቅር ብለዋል፣ እማማም ይቅር ብለዋል። ምን ቀረሽ? እሑድ ቦታሽ ላይ እንገናኝ። ትርጉሙን ትተሽ ዘምሪ፣ ድምፅሽ ባያምርም።"

ዕቅፍ አድርጋኝ ሄደች። ውሸቴን ተናዝዤ ልወጣ የገባሁበት ቤት ውስጥ፣ መስቀሉ ሥር ቆሜ፣ ያንኑ ውሸት በዚያው ምክንያት ደገምኩት። ይህን ተናግሬ ልሂድ ብል ምክንያቴን መጀመሪያ የሚሰሙት እማማ ኡበርሊንዳ ናቸው።

እሑድ አልሄድኩም። በቀጣዩም፣ በሦስተኛውም። ማክሰኞ ዕለት በሩ ተንኳኳ፤ እማማ ኡበርሊንዳ ብቻቸውን፣ ዳቦ በጨርቅ ይዘው። ባሕሩ ዳር መውረዳቸውን ትተዋል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል አሉ። ቆርሰው ሰጡኝ፣ በላሁ።

"ምን አድርገንሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። "ሁሉም እኮ አለፈ። አሁን ደግሞ ለምን ትቀሪያለሽ?"

"ጉልበቴን አሞኝ ነው" አልኳቸው።